ደላዌር 2010፦ ሳይቸግር የተለቀቀ የሴኔት ወንበር

መጋቢት 2013 ዓ.ም. ፕሬዝዳንት ጆ ባይደን አንድ ሴናተር ወደ አዲስ አበባ ላኩ። የትግራይ ጦርነት አምስተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ሴናተሩ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር በሁለት ቀን ውስጥ ለሰዓታት ተነጋግረው ተመለሱ። ቀናት እንኳን ሳይቆጠሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የኤርትራ ወታደሮች ትግራይ መግባታቸውን ፓርላማ ፊት አመኑ። ያን ሰሞን "ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው?" ብለን ስሙን ጎግል ላይ የፈለግን ብዙዎች ነን። ክሪስ ኩንስ ይባላሉ። የደላዌር ሴናተር ናቸው።

እኔም ታሪካቸውን ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ያገኘሁት ነገር ግን ከኩንስ ይልቅ ስለ ተቃዋሚዎቻቸው የሚናገር ሆነብኝ። እንደሚባለው ከሆነ ኩንስ ሴኔት የገቡት፣ ምርጫው ሰባት ሳምንት ሲቀረው ሪፐብሊካኖች እርስ በርስ ተጣልተው ያሸንፍልናል ያሉትን የራሳቸውን ሰው ስለጣሉላቸው ነው። ታሪኩ ከዚህ ትንሽ ይወሳሰባል፤ እደርስበታለሁ።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ወንበሩ ባለቤት ያጣው እንዴት ነው

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ኒውዮርክ በመኪና የሄደ ሐበሻ ሁሉ ደላዌርን አቋርጧል። አብዛኛው የሚያስታውሰው ግን ቶል መክፈሉን ብቻ ነው። በጣም ትንሽ ግዛት ናት። በ2010 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ 900 ሺህ አልሞላም። ያሏት ካውንቲዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ሰሜን ላይ ዊልሚንግተን ያለችበት ኒው ካስል፣ መሃል ላይ ኬንት፣ ደቡብ ላይ ሰሴክስ። አብዛኛው ሕዝብ ሰሜን ነው የሚኖረው። ደቡቡ የእርሻ፣ የዶሮ እርባታና የባሕር ዳርቻ አገር ነው። ፖለቲካውም ወደ ቀኝ ያጋደለ ነው። ይህን የሰሜንና የደቡብ ነገር ያዙልኝ።

እንዲህ ባለ ትንሽ ቦታ ፖለቲከኛ ማለት ጎረቤት ነው። ባይደን የሴኔት ወንበሩን በ1972 ገና በ29 ዓመታቸው አሸንፈው 36 ዓመት ቆዩበት። በ2008 ለምክትል ፕሬዝዳንትነትም ለሴኔትም በአንድ ቀን ተወዳድረው ሁለቱንም አሸነፉ። ሁለት ወንበር ላይ መቀመጥ ስለማይቻል በጥር 2009 ሴኔቱን ለቀቁ። አገረ ገዥዋም ለረጅም ዓመታት የባይደን ረዳት የነበሩትን ቴድ ካውፍማንን በቦታቸው ሾሙ። ካውፍማን ከመጀመሪያው "በ2010 አልወዳደርም" ብለው ነው የገቡት። ሁሉም የገባው ገብቶታል። ወንበሩ ለልጁ፣ የግዛቷ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ለነበሩት ለቦ ባይደን እየተጠበቀ ነው።

ሪፐብሊካኖቹም ሰው ነበራቸው፤ ያውም ብርቱ ሰው። ማይክ ካስል ሁለት ጊዜ አገረ ገዥ ነበሩ። ከ1993 ጀምሮ ደግሞ ደላዌርን በተወካዮች ምክር ቤት ይወክሉ ነበር። በግዛት አቀፍ ምርጫ 12 ጊዜ ተወዳድረው 12 ጊዜ አሸንፈዋል። ዴሞክራት በሚበዛበት አገር ይህን ያደረጉት ዴሞክራቱም ለዘብተኛውም ስለሚመርጣቸው ነው። በጥቅምት 2009 ለሴኔት እወዳደራለሁ አሉ። የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎችም እንደሚመሩ ያሳዩ ጀመር።

ጥር 2010 ላይ ደግሞ ዴሞክራቶችን ያስደነገጠ ነገር መጣ። ማሳቹሴትስ ውስጥ የሟቹን የቴድ ኬኔዲን ወንበር ሪፐብሊካኑ ስኮት ብራውን ወሰዱት። ከስድስት ቀን በኋላ ቦ ባይደን "የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ሥራዬ ይበልጥብኛል" ብለው ከሴኔቱ ፉክክር ቀሩ። ዴሞክራቶቹ እጅ ላይ የቀረው የኒው ካስል ካውንቲ አስተዳዳሪ የነበሩት ክሪስ ኩንስ ናቸው። ከፓርቲያቸው ማንም አልተገዳደራቸውም። ያኔ ይህ እንደ ዕድል አልታየም። ሊሸነፍ ለሚሄድ ሰው ማን ይጋፋል?

ጆርጅታውን ላይ የተሰማው ጩኸት

የካስል ችግር ከምርጫው ከአንድ ዓመት በፊት በቪዲዮ ተቀርጾ ነበር። ያየው ሰው ግን እንደ ቀልድ አለፈው።

ሰኔ 30 ቀን 2009 ካስል ሰሴክስ ካውንቲ ጆርጅታውን በምትባል ከተማ ከነዋሪዎች ጋር ስብሰባ ተቀመጡ። አንዲት ሴት ተነሱ። የልደት የምስክር ወረቀታቸውን በላስቲክ ከረጢት ይዘዋል። ትንሽ ባንዲራም በእጃቸው አለ። ፕሬዝዳንት ኦባማ ኬንያዊ እንጂ አሜሪካዊ እንዳልሆኑ ተናገሩና አገራቸው እንድትመለስላቸው ጠየቁ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ካስል ፕሬዝዳንቱ የአሜሪካ ዜጋ መሆናቸውን ሲናገሩ ግን የራሳቸው ሰዎች ጮኹባቸው። መጨረሻ ላይ ሴትየዋ ለባንዲራ ቃል እንግባ ብለው ሁሉም ቆመ። ካስልም አብረው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

ቪዲዮው በኢንተርኔት ዞረ፣ ተሳቀበት። ልብ ማለት የነበረበት ሌላ ነገር ነው። እዚያ አዳራሽ የነበሩት ሰዎች በፓርቲው ፕራይመሪ የሚመርጡ ሰዎች ናቸው።

ፕራይመሪ ማለት ፓርቲው እጩውን የሚለይበት ምርጫ ነው። እኛ አገር እጩን የሚያቀርበው ፓርቲው ራሱ፣ በሩን ዘግቶ ተሰብስቦ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ተራው መራጭ ነው ድምፅ ሰጥቶ የሚወስነው። የፓርቲው ሊቀመንበር "ይሄ ሰው አይሆነንም" ቢል ሰሚ የለውም። ደላዌር ደግሞ ዝግ ፕራይመሪ ነው ያላት። ሪፐብሊካን ሆኖ ያልተመዘገበ ሰው በሪፐብሊካን ፕራይመሪ አይመርጥም። ምዝገባን ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው የማዛወሪያው ጊዜም ከወራት በፊት ያበቃል። እንግዲህ ካስልን ለ30 ዓመት ሲመርጡ የኖሩት ዴሞክራቶችና ገለልተኞች በዚህ ዙር በሩ ተዘግቶባቸዋል። ውጭ ቆመው ነው የሚያዩት።

"በስም ብቻ ሪፐብሊካን"

ካስል ላይ የተለጠፈው ስድብ ይህ ነበር። ስድቡ ደግሞ ከሜዳ አልመጣም። በ2008 ባንኮችን ለመታደግ የወጣውን የ700 ቢሊዮን ዶላር ሕግ ደግፈዋል። በ2009 የካርቦን ልቀትን የሚገድበውን የአየር ንብረት ሕግ ከደገፉት ስምንት ሪፐብሊካን የምክር ቤት አባላት አንዱ ነበሩ። በፅንስ ማቋረጥና በጦር መሣሪያ ጉዳይም ከፓርቲያቸው ብዙኃን ይለዩ ነበር። የኦባማን የጤና መድን ሕግ ተቃውመዋል፤ ግን ያ ለብቻው አላዳናቸውም።

እዚህ ላይ ለተቃዋሚዎቻቸውም ፍትሐዊ እንሁን። አንድ ወግ አጥባቂ መራጭ "ድምፄን የምሰጠው እኔ የማምንበትን ለሚሠራ ሰው ነው" ቢል ምን ጥፋት አለው? የሳውዝ ካሮላይናው ሴናተር ጂም ዲሚንት ያን ሰሞን በግልጽ የሚናገሩት ነገር ነበር። መርሕ ከሌላቸው 60 ሪፐብሊካን ሴናተሮች መርሕ ያላቸው 30 ይሻሉኛል ይሉ ነበር። ይህ እብደት አይደለም። አቋም ነው። ዋጋው ግን አለ። 30 ሴናተር ይዘህ የምታስቆመው ሕግ የለም።

ካስልን የተገዳደሯቸው ክርስቲን ኦዶኔል ናቸው። የ41 ዓመት የወግ አጥባቂ ንቅናቄ ሰው ናቸው። ለፓርቲው አዲስ አልነበሩም። በ2006 ተወዳድረው በፕራይመሪው ተሸንፈዋል። በ2008 ደግሞ ከባይደን ጋር የሚጋጠም ሰው ሲጠፋ ፓርቲው ራሱ እጩ አድርጓቸው 35 በመቶ አግኝተዋል። በኋላ "እሷማ እንዴት እጩ ትሆናለች!" ብለው የጮኹት የፓርቲ ሰዎች ከሁለት ዓመት በፊት ያቆሟቸው ራሳቸው ናቸው። ይህቺ ነገር ብዙ ጊዜ ትረሳለች። የማይሸነፍ በመሰላቸው ሰው ፊት የጣሉት እጩ ሊያሸንፉት በሚችሉት ወንበር ላይ ተመልሶ መጣባቸው።

እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ካስል የተጨነቁ አይመስሉም ነበር። ያነቃቸው አላስካ ነው። ነሐሴ 24 ቀን ሴናተር ሊሳ መርካውስኪ በሪፐብሊካን ፕራይመሪ ጆ ሚለር በሚባሉ የቲ ፓርቲ ሰው በ2,000 ገደማ ድምፅ ልዩነት ተሸነፉ። ቲ ፓርቲ የሚባለው በ2009 የመንግሥትን ወጪና ግብር ተቃውሞ የተነሳ የቀኝ ንቅናቄ ነው። አላስካ ላይ ገንዘብ ያፈሰሰው ቲ ፓርቲ ኤክስፕረስ የሚባለው ቡድን ቀጥሎ ማንን እንደሚፈልግ አልደበቀም። ወደ ደላዌር መጣ። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ገዛ። መስከረም ላይ፣ ፕራይመሪው አምስት ቀን ሲቀረው፣ በ2008 የሪፐብሊካኖች የምክትል ፕሬዝዳንት እጩ የነበሩት ሳራ ፔሊን ለኦዶኔል ድጋፋቸውን ሰጡ። ዲሚንትም ተከተሉ።

በደላዌር መለኪያ ይህ ከባድ መሣሪያ ነው። ጥቂት ሰው በሚመርጥበት ቦታ ጥቂት መቶ ሺህ ዶላር ብዙ ይሠራል። ቴክሳስ ውስጥ ያው ገንዘብ ከአንድ ከተማ ማስታወቂያ አያልፍም ነበር።

የፓርቲው አለቆች ሲደነግጡ በእጃቸው ያለውን ሁሉ ወረወሩ። የግዛቷ ፓርቲ ሊቀመንበር ኦዶኔል ውሻ ያዥ ሆነው እንኳን ሊመረጡ እንደማይችሉ ተናገሩ። የገንዘብ ችግራቸውና የዘመቻ ዕዳቸው አደባባይ ወጣ። በ2008 ዘመቻቸውን የመሩላቸው ሰው ድምፅ ሳይቀር ተቀድቶ በየስልኩ ተላከ፤ "እንዳትመርጧት" የሚል ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ የጠቀመው ኦዶኔልን ነው። "ትልልቆቹ ሰዎች ይንቁናል" ብሎ ለተቆጣ መራጭ፣ ትልልቆቹ ሰዎች መጥተው እንደሚንቁት አረጋገጡለት። የከፋው ግን ሌላ ነው። በዚያ ሳምንት የተመረተውን ማስረጃ ሁሉ ኩንስ በነጻ ተረከቡት። ሪፐብሊካን ሊቀመንበር ስለ ሪፐብሊካን እጩ የተናገሩትን ዴሞክራት መድገም ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

መስከረም 14

ውጤቱ ሲመጣ ኦዶኔል ከ30,500 በላይ፣ ካስል 27,000 ገደማ ድምፅ አገኙ። በመቶኛ 53 ለ47 ነው። ካስል በሰሜን ኒው ካስልን አሸነፉ። ኬንትና ሰሴክስ ግን በሰፊ ልዩነት ወደ ኦዶኔል ሄዱ። ያቺ ጆርጅታውን ያለችበት ደቡብ ድምፁን ሰጠ።

ቁጥሩን ትንሽ ፈታ አድርገን እንየው። ደላዌር ውስጥ ሪፐብሊካን ሆነው የተመዘገቡት 180 ሺህ ገደማ ነበሩ። ከነሱ የመረጠው ከሦስት አንድ አይሞላም። ኅዳር ላይ በዋናው ምርጫ ከ307 ሺህ በላይ ሰው መርጧል። ስለዚህ ኦዶኔልን እጩ ያደረጉት ሰዎች ከዋናው ምርጫ መራጭ አንድ አሥረኛ ያህል ናቸው። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ደግሞ 3,500 ገደማ ድምፅ ነው። አንድ መካከለኛ የመርካቶ መንገድ ቅዳሜ ጠዋት ከዚህ የበለጠ ሰው ይይዛል።

ምርጫ ገምጋሚዎች በአንድ ሌሊት ደላዌርን ከሪፐብሊካን ዓምድ አውጥተው ወደ ዴሞክራት ዓምድ አዛወሯት። ካርል ሮቭ፣ የጆርጅ ቡሽ የምርጫ ቀያሽ የነበሩት፣ በዚያው ምሽት ፎክስ ኒውስ ላይ ቀርበው የራሳቸውን ፓርቲ አዲስ እጩ ተቹ። በማግስቱ የሴኔት ሪፐብሊካኖች የዘመቻ ኮሚቴ ሕጉ የሚፈቅድለትን 42,000 ዶላር ለኦዶኔል ሰጠ። እንደ ለቅሶ ቤት መዋጮ ነበር፤ ካልሰጡ ነውር ስለሆነ።

ገንዘብ ግን አልጠፋም። ኦዶኔል ካሸነፉ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ብቻ ከመላ አሜሪካ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገባላቸው። ለእንዲህ ያለች ትንሽ ግዛት ትልቅ ገንዘብ ነው። ችግሩ ገንዘቡ የመጣው ደላዌር ላይ ድምፅ ከሌላቸው ሰዎች መሆኑ ነው።

"ጠንቋይ አይደለሁም"

ዋናው ዘመቻ ሦስት ቀን እንኳን በሰላም አልሄደም። ኮሜዲያኑ ቢል ማር የ1999 ቪዲዮ አወጣ። ወጣቷ ኦዶኔል በማር የቴሌቪዥን ውይይት ላይ ቀርበው በልጅነታቸው ጥንቆላ ሞካክረው እንደነበር ሲናገሩ ያሳያል። አገር ምድሩ ሳቀ።

በጥቅምት መጀመሪያ የኦዶኔል ዘመቻ ምላሽ የሚሆን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ለቀቀ። ኦዶኔል ጥቁር ልብስ ለብሰው ካሜራውን እያዩ ፈገግ አሉ። የመጀመሪያው ቃላቸው "እኔ ጠንቋይ አይደለሁም" የሚል ነው። ከዚያ "እኔ እናንተው ነኝ" አሉ። ይህን ማስታወቂያ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ። የሐሳቡ መነሻ ይገባኛል፤ ነገሩን በቀልድ አስታግሶ ወደ ቁም ነገሩ መሄድ ነው። ግን እስቲ አስቡት። ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው በራሱ ጊዜ በራችሁን አንኳኩቶ "ሌባ አይደለሁም" ቢላችሁ መጀመሪያ የምታደርጉት ኪሳችሁን መዳበስ ነው። ያልሰማውም ሰማ።

ክርክሮቹም አልረዷቸውም። ጥቅምት 13 በደላዌር ዩኒቨርሲቲ በተካሄደው ክርክር፣ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅርብ ጊዜ ውሳኔዎች የማይስማሙበትን አንድ እንዲጠሩ ተጠየቁ። አልመጣላቸውም። ከስድስት ቀን በኋላ በአንድ የሕግ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያሉ የሚለው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የት እንዳለ መልሰው ጠየቁ። ቃል በቃል የለም ለማለት ከሆነ ክርክር አለው። አዳራሹ ግን ሳቀ፤ ዜናውም ሳቁ ሆነ።

ኩንስስ? ኩንስ ዝም አሉ ማለት ይቻላል። ራሳቸውም ለጥቃት የሚሆን ነገር አላጡም ነበር። ኮሌጅ ሳሉ ሪፐብሊካን ነበሩ። ለትምህርት ኬንያ ሄደው ሲመለሱ ዴሞክራት ሆኑ። በ1985 በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ስለዚህ ለውጥ ሲጽፉ ርዕሱ ላይ ራሳቸውን "ጺማም ማርክሲስት" አሉ፤ በቀልድ እንደነበር ይናገራሉ። ኬንያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር ቢሆን ይህ ጽሑፍ የወር ዜና ይወጣው ነበር። ኦዶኔልም በክርክሩ ላይ አንስተውታል። ግን ጋዜጠኛ ሁሉ ፊቱን ወደ ጥንቆላው አዙሯል። ያለ ፕራይመሪ ፉክክር የመጣ እጩ ማንም ሳይፈትነው ያልፋል፤ ኩንስ ደግሞ በዋናው ምርጫም ማንም ሳይፈትናቸው አለፉ።

ካስል የት ነበሩ? ለኦዶኔል ድጋፍ አልሰጡም። ለሁለት ሳምንት ያህል ሌላ ነገር ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆዩ። ስማቸው ወረቀቱ ላይ ሳይኖር መራጩ በእጁ እየጻፈ እንዲመርጣቸው መወዳደር። መስከረም 29 ላይ "አልወዳደርም" አሉ። አላስካ ውስጥ መርካውስኪ ይህንኑ መንገድ መርጠው ነበር። ለዚያ አስቸጋሪ ስም የፊደል ማስታወሻ አምባር እስከማደል ሄደው ኅዳር ላይ አሸነፉ። እሳቸው ግን ሥልጣን ላይ ያሉ ሴናተር ነበሩ። አላስካም ሪፐብሊካን አገር ናት። ደላዌር ላይ ሁለት ሪፐብሊካን ቢወዳደር ትርፉ የኩንስ ነበር። ካስል ሒሳቡን የሠሩት ይመስለኛል።

ኅዳር 2 እና ሒሳቡ

ኩንስ 174,012 ድምፅ፣ 56.6 በመቶ። ኦዶኔል 123,053፣ 40 በመቶ።

በዚያው ቀን ሪፐብሊካኖች በመላ አገሪቱ የተወካዮች ምክር ቤት 63 ወንበር ጨምረው ምክር ቤቱን ተቆጣጠሩ። የደላዌርን የምክር ቤት ወንበር ግን፣ ካስል ወደ ሴኔት ሊሄዱ የለቀቁትን፣ ተነጠቁ። ዴሞክራቱ ጆን ካርኒ ወሰዱት። በሌላ ቦታ ሁሉ ሰርግ በሆነ ቀን ደላዌር ላይ አንድ ወንበር ሊጨምሩ ተነስተው የነበራቸውን አጡ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው።

ሴኔት ላይ ሪፐብሊካኖች ስድስት ጨምረው 47 ሆኑ። ኔቫዳና ኮሎራዶ ላይም በፕራይመሪ ያሸነፉት የቲ ፓርቲ እጩዎች በዋናው ምርጫ ተሸንፈዋል። "ሦስቱን ቢያገኙ ኖሮ ሴኔቱ የእነሱ ነበር" የሚሉ አሉ። አይደለም። ሦስቱ ተደምረው 50 ነው የሚሞላው፤ ድምፅ እኩል ሲሆን ደግሞ የሚወስነው ምክትል ፕሬዝዳንቱ ነው። ምክትል ፕሬዝዳንቱ ያኔ የደላዌሩ ጆ ባይደን ናቸው።

አሁን ቅድም እደርስበታለሁ ያልኩት ነገር። ሁሉም ሰው ታሪኩን የሚነግራችሁ ካስል ቢሆኑ ኖሮ ያለ ጥርጥር ያሸንፉ ነበር ብሎ ነው። በምርጫው ዕለት መራጮች ከድምፅ መስጫ ጣቢያ ሲወጡ ይህ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። መልሱ ብዙዎችን ያስገርማል። ካስል ቢሆኑም ኩንስ በጠባብ ልዩነት ያሸንፉ ነበር የሚል ነው።

ታዲያ የፕራይመሪው ጠብ ምንም አላመጣም ማለት ነው? እኔ እንደዚያ አላነበውም። ጥያቄው የቀረበው በኦዶኔልና በኩንስ መካከል ለመምረጥ ለወጡ ሰዎች ነው። ካስል እጩ ቢሆኑ የሚወጣው ሰው ሌላ፣ የሰባቱ ሳምንት ወሬም ሌላ ይሆን ነበር። "ጺማም ማርክሲስት" የሚለው ጽሑፍ የፊት ገጽ ይይዝ ነበር። ካስል ራሳቸው በዚያ መልስ ውስጥ በፓርቲያቸው የተጣሉ፣ የተሸነፉ ሰው ናቸው፤ ተሸናፊን "ትመርጠው ነበር?" ሲባል መልሱ ቀዝቀዝ ይላል። በሌላ በኩል ኦባማ በ2008 ደላዌር ላይ ከ60 በመቶ በላይ አግኝተዋል። ዴሞክራቶቹም ከካስል ጋር ቢጋጠሙ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም ነበር። ስለዚህ "ኪስ የገባ ወንበር ጣሉ" የሚለውን ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ኪሳቸው የነበረው ወንበሩ ሳይሆን ፉክክሩ ነበር። መስከረም 14 ማታ የጠፋው እሱ ነው።

ኦዶኔልንም በአንድ ነገር አልበድላቸውም። ከ2008ቱ 35 በመቶ ወደ 40 ከፍ ብለዋል። ለእሳቸው የመረጠው ሕዝብ ልክ ያን ያህል ነው። ፓርቲው የማያውቀው ቁጥር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ

ምርጫው የባይደንን ቀሪ ዘመን ለመሙላት ስለነበር ኩንስ ጥር ድረስ አልጠበቁም። ኅዳር 15 ቀን 2010 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ብዙ ሳይቆይ፣ ኬንያ የተማረው ሴናተር ስለሆኑ ይመስላል፣ የሴኔቱን የአፍሪካ ጉዳዮች ንዑስ ኮሚቴ መምራት ጀመሩ። አዲስ አበባ ድረስ ያመጣቸው መንገድ ከዚህ ይነሳል።

በ2014 በቀላሉ ተመረጡ። በ2020 እንደገና ተወዳደሩ። የደላዌር ሪፐብሊካን ፓርቲ ለዚህ ምርጫ ጄምስ ዴማርቲኖን እጩ እንዲሆኑ ደግፎ ነበር። ፕራይመሪው መስከረም ላይ ተካሄደ። አሸናፊዋ ፓርቲው ያልደገፋቸው ሎረን ዊትዝኪ ሆኑ። ኅዳር ላይ ኩንስ 59 ለ38 አሸነፉ፤ ከአራት ወር ተኩል በኋላ አዲስ አበባ ነበሩ።